ዱቄታችሁን ለጋሼ ስጡ

ጀርመን ውስጥ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ለምትማሩ የሐበሻ ልጆች፣ በተለይ ሴሚኮንዳክተር (ኤሌክትሪክን በከፊል የሚያስተላልፍ ቁስ) ላይ ለምትሠሩ አንድ ሰው ልጠቁማችሁ። ኢ.ፒ.አር፣ ማለትም ኤሌክትሮን ፓራማግኔቲክ ሬዞናንስ (ሳምፕሉን ማግኔት ውስጥ አስገብቶ በማይክሮዌቭ ኤሌክትሮኖቹን የሚያይ መለኪያ) የሚለኩልን ቴክኒሻን ናቸው። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። “ስሜን እንዳትጠሪ” ስላሉኝ አልጠራም።

የኔ ሥራ ማንጋኒዝ የገባበት የዚንክ ኦክሳይድ ዱቄት ነው። ማንጋኒዙ ዚንኩን ተክቶ ክሪስታሉ ውስጥ ገብቷል ወይስ አንድ ቦታ ተጠራቅሟል? መጠኑ ትንሽ ሲሆን ኤክስሬይ ብዙ አይናገርም። ኢ.ፒ.አር ግን የሚያየው ያልተጣመሩ ኤሌክትሮኖችን ስለሆነ ጥቂቷንም ይይዛታል። የማንጋኒዝ ኒውክሊየስ ስፒን (እንደ ትንሽ ማግኔት የሚያደርገው ባሕርይ) 5/2 ነው፤ ስለዚህ ተራርቆ የተቀመጠ ማንጋኒዝ ግራፉ ላይ ስድስት መስመር ይሰጣል። ሲጠጋጋ መስመሮቹ ይሰፉና አንድ ጉብታ ይሆናሉ።

መጀመሪያ ያስለካሁት ሌላ ቦታ ነበር። የማግኔቱ ጉልበት 158 ሚሊቴስላ አካባቢ ሲደርስ ግራፉ ላይ አንድ ምልክት ወጣ። “ሳምፕልሽ ብረት (አይረን) አለበት” ተብዬ ተመለስኩ። አንጀቴ ነው የተቃጠለው። ጋሼ ወረቀቱን ገና ሲያዩት “በምን ቱቦ ነው የለኩልሽ?” አሉ። በተራ ብርጭቆ ነበር። ምንም ያልገባበት የብርጭቆ ቱቦ መሣሪያው ውስጥ ከተቱ። ያው ምልክት ቁጭ! ብረቱ ለካ የብርጭቆው ነው። ዱቄቴን በኳርትዝ ቱቦ ሲለኩት ምልክቱ የለም፣ ስድስቱ መስመሮች ግን ተሰልፈው ወጡ።

ሌላው ዚንክ ኦክሳይድ ኤሌክትሪክ ካስተላለፈ ማይክሮዌቩን ይበላዋል። ጋሼ ስክሪኑ ላይ ማይክሮዌቩ መሣሪያው ውስጥ መያዙን የሚያሳየው ጉድጓድ ሲሰፋ አይተው ዱቄቱን ቀነሱት፣ ኃይሉንም ዝቅ አደረጉት። ማንጋኒዝ የሌለበትን ሳምፕል ደግሞ በፈሳሽ ናይትሮጅን 77 ኬልቪን ላይ አቀዘቀዙት። ጂ ዋጋዋ (ምልክቷ ከየትኛው ኤሌክትሮን እንደመጣች ለመለየት የሚረዳው ቁጥር) 1.96 የሆነች ምልክት ፍንትው ብላ ታየች። ደስ ብሎኝ “የኦክስጅን ጉድለት ናት? ኦክስጅን የጎደለበት ባዶ ቦታ?” ብላቸው ሳቁብኝ።

“እንደዛ ብለሽ እንዳትጽፊ፣ ጽሑፍሽን የሚገመግመው ሪቪወር ይበላሻል!”

ድሮ እንደዚያ ይባል ነበር። ዛሬ ብዙዎች ምልክቷን ክሪስታሉ ውስጥ ሆነው በቀላሉ ኤሌክትሮን ለሚለቁ ባዕድ አተሞችና ጉድለቶች፣ ማለትም ለዶነሮች ነው የሚሰጧት። እ.ኤ.አ. በ2002 ጀርመን ያለው የጊሰን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በዚሁ ዘዴ ታግዘው ሃይድሮጅን ከነዚህ ዶነሮች አንዱ መሆኑን አሳይተዋል። ጋሼ ጽሑፉን አትመው መሳቢያቸው ውስጥ አስቀምጠውታል። ፕሮፌሰር አይደሉም፤ ግን ስንቱ ፕሮፌሰር እሳቸውን ጠይቆ ነው የሚጽፈው።

ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ። እግዜር ያክብርልኝ።

ልንገራችሁ፣ ትንሽ ቆጣ ይላሉ። ለኢሜይል ቶሎ አይመልሱም፤ በአካል መሄድ ይሻላል። አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ ምንም ያልተጨመረበትን ንጹሕ ዱቄትም ያዙ፤ ያለሱ መሣሪያውን አያስነሱላችሁም።