መጠጥ የማይሸጠው የደብረ ብርሃን ምግብ ቤት

ደብረ ብርሃን ላይ መጠጥ የማይሸጥ ምግብ ቤት አለ ሲሉኝ ሳቄ ነው የመጣው። የሐበሻም የዳሽንም ቢራ የሚጠመቅባት ከተማ! አረቄዋ አዲስ አበባ ድረስ ስም ያለው፣ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ጋቢ የምታስለብስ... እዚህ ብርድ ላይ ማን ውሃ ይጠጣል አልኩ። ቅዳሜ ዕለት ሄድኩ።

በሩ ላይ «ቢራ፣ አረቄ፣ ጫት፣ ሲጋራ የለም፤ አትጠይቁን» ይላል። ያቺ «አትጠይቁን» ትንሽ ደብራኛለች። ምግቡ ግን አሪፍ ነው። ጥብሱ የመንዝ በግ ነው አሉን፣ ቅመም አልበዛበትም፣ ስቡ አፍ ላይ ይሟሟል። ሽሮው ተራ ነው። አስተናጋጆቹ ቀርፋፋ ናቸው።

ወደ ብርዙ ልምጣ። ማር በውሃ ተበጥብጦ፣ ጌሾ ሳይነካው፣ በብርሌ ነው የሚመጣው፤ ጠጅ ቤት የገባችሁ ነው የሚመስላችሁ። ቤቱ ስለሚቀዘቅዝ ቶሎ አይፈላም መሰለኝ፣ ጣፋጭነቱ እንዳለ ነው። ሦስት ብርሌ ጠጣሁ።

አንድ ችግር አለ፤ ባለቤቱ። ጥሩ ሰው ናቸው፣ ግን ወንበር ስበው ይቀመጡና መጠጥ በሕግ ይከልከል እያሉ ጥብሱ እስኪበርድ ያወሩላችኋል። «ጋሼ፣ ሕጉማ አለ እኮ» አልኳቸው። የ2011ዱ የምግብና መድኃኒት አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መሸጥ ከልክሏል፣ የመጠጥ ማስታወቂያንም ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አስወጥቷል። «የጠላ ቤት ማስታወቂያ መቼ ቴሌቪዥን ላይ ነበር? እንጨት ላይ የተደፋች ጣሳ ናት!» አሉኝ። እዚህ ላይ ረቱኝ። ቢሆንም አረቄ እያወጡ ልጅ የሚያስተምሩት እናቶችስ ምን ይብሉ ብዬ ጠየቅኳቸው፤ እኔ በአንዴ ቢከለከል ጓዳ ገብቶ ይቀጥላል እንጂ አይቆምም ባይ ነኝ። ዝም አሉ። ቆይተው «እኔንም ያሳደገኝ የእናቴ አረቄ ነው» ብለው ተነስተው ሄዱ። ሂሳቡን ያመጣችልኝ ልጃቸው ናት።

እመለሳለሁ። ብትሄዱ በጊዜ ሂዱ፣ 9 ሰዓት ላይ ብርዙ ያልቅና ኬኔቶ ያቀርቡላችኋል። እሱ ስኳር ብቻ ነው፤ ሻይ ይሻላችኋል።