ታንጃቩር ወይስ ካጁራሆ? ወደ ሺቫ መቅደስ የሚወስዱ ሁለት መንገዶች

የሂንዱ ቤተ መቅደስ ልቡ ጋርባግሪሃ ነው፤ የአምላኩ ምስል ወይም ምልክት የሚቀመጥበት ጨለም ያለ የውስጥ ክፍል። ወደዚያ የሚያደርሰው መንገድ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል።

በደቡብ ህንድ፣ ታንጃቩር ያለው የብሪሃዲሽዋራ ቤተ መቅደስ በንጉሥ ቀዳማዊ ራጃራጃ ቾላ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1010 ተጠናቀቀ። የተሠራው ከግራናይት ነው። ከመቅደሱ በላይ 60 ሜትር ገደማ የሚደርስ ግንብ ቆሟል። ውስጥ ያለው ሊንጋ፣ ማለትም የአምላኩ የሺቫ ምልክት፣ ከሰው ቁመት እጅግ ይበልጣል። ዙሪያውን ድርብ ግድግዳ ከቦታል፤ በመካከሉ ጠባብ መተላለፊያ አለ። በዚያ ግድግዳ ላይ ያሉት የቾላ ነገሥታት ዘመን ሥዕሎች በኋላ ዘመን ሥዕል ተሸፍነው ኖረው የተገኙት በ1931 ነው። ከላይ ባለው ፎቅ ደግሞ 81 የዳንስ አቋቋሞች ተቀርጸዋል። የታሰበው 108 ነበር። ለቀሪዎቹ የተዘጋጁት ድንጋዮች እስከ ዛሬ ባዶ ናቸው፤ ይሄ ነገር ልብ ይነካል።

በማዕከላዊ ህንድ፣ ካጁራሆ ያለው የካንዳሪያ ማሃዴቫ ቤተ መቅደስ በ1030 አካባቢ ከአሸዋ ድንጋይ ተሠራ። ቁመቱ የዚያኛው ግማሽ ቢሆን ነው። የሚማርከው አካሄዱ ነው፦ ደረጃ፣ በረንዳ፣ አዳራሽ፣ ከዚያ መቅደሱ። በዙሪያው ያለው መተላለፊያ ሰገነቶች ስላሉት ብርሃን ይገባዋል።

አሠራሩን ለመረዳት ካጁራሆ ይቀላል። እኔ ግን ታንጃቩርን እመርጣለሁ፤ ጸሎቱ ዛሬም አልተቋረጠማ። የሥዕሎቹ መተላለፊያ ግን ለጎብኚ ብዙ ጊዜ ዝግ ነው።