ንፋስ ወይስ ኒውክሌር? ለአዳማ የፊዚክስ ተማሪዎች

የአዳማን የንፋስ ተርባይኖች እያያችሁ ላደጋችሁ ጥያቄው ቅርብ ነው።

አቅም፦ ሁለቱ የአዳማ ጣቢያዎች ተደምረው 204 ሜጋ ዋት ናቸው፤ ያውም ንፋሱ ሲመች። አንድ ትልቅ የኒውክሌር ማብላያ ብቻውን 1000 ገደማ ይሰጣል፣ ቀን ከሌት። ሚስጥሩ ኒውክለሱ ውስጥ ነው። አንድ የካርቦን አቶም ሲቃጠል 4 ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ ይለቃል። አንድ ዩራኒየም 235 ሲሰነጠቅ ግን 200 ሚሊዮን ያህል! እዚህ ጋ ቆም ብላችሁ አስሉት።

ወጪ፦ ንፋስ ቶሎ ይተከላል፣ ነዳጅ አይገዛለትም። ኒውክሌር ብዙ ቢሊዮን ዶላር ይፈልጋል።

ስጋት፦ የተርባይን ብልሽት እዚያው ያበቃል። የኒውክሌር ዝቃጭ ውስጥ ያለው ፕሉቶኒየም 239 ግን ግማሹ እስኪበሰብስ 24,100 ዓመት ይፈጃል።

ግድብ ላላት አገር ንፋስ ይመቻል፤ በበጋ ውሃው ሲጎድል ያግዛል። ወንዝም ንፋስም ለሌለው፣ ኢንዱስትሪው ለበዛ አገር ደግሞ ኒውክሌር ያዋጣል።