ከጠዋቱ 5 ሰዓት ወይስ ከሌሊቱ 11? ፒያሳ የሚሸጠው የስዊድን ጥራዝ ሲፈተሽ

ጎንደር ፒያሳ ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በአንዱ፣ ስዊድንኛ ለሚማር ሰው የተዘጋጀ ጥራዝ ይሸጣል። ይዘቱ የስዊድን የቅርብ ዘመን ታሪክና ባህል ነው። 96 ገጽ አለው፤ በግራ በኩል ቀለል ያለ ስዊድንኛ፣ በቀኝ በኩል የአማርኛ ፍቺው። በስፓይራል ተጠርዞ ፕላስቲክ ሽፋን ለብሷል። ድምፁን በፍላሽ ይገለብጡልዎታል ወይም በቴሌግራም ይልኩልዎታል። ከነድምፁ 400 ብር ነው። የአዘጋጁ ስም የለበትም።

የሚገዛው በአብዛኛው ባሏ ወይም ሚስቱ ስዊድን ያለችለት፣ ቪዛ እየጠበቀ ቀኑን በከንቱ ማሳለፍ ያልፈለገ ሰው ነው። ለእሱ ሐሳቡ ጥሩ ነው። ስዊድን ለገባ አዲስ ሰው ቋንቋው ኤስኤፍኢ በሚባለው ትምህርት በነፃ ይሰጠዋል፤ ከዚያ ጎን ስለ አገሩ አኗኗርና ሕግ ቢያንስ የ100 ሰዓት ትምህርት አለ። ጥራዙ ለዚያ ጥሩ ማሟሻ ይሆናል። ሰዋስው ግን የለውም። ፊደሉን ያልለየ፣ ግሥ ማርባት ያልጀመረ ሰው ብሩን ባያወጣ ይሻለዋል።

ትልቁ ችግር ያለው በስዊድንኛው ሳይሆን በአማርኛው ገጽ ነው። ገጽ 41ን እንይ። «በ1967 ዓ.ም ከጠዋቱ 5 ሰዓት ላይ የስዊድን መኪኖች ከግራ ወደ ቀኝ ተዛወሩ» ይላል። አማርኛ አንባቢ 1967 ዓ.ም ሲባል የሚመጣለት ንጉሡ የወረዱበት መስከረም ነው። ከጠዋቱ 5 ሰዓት ሲባል ደግሞ ፀሐይዋ ከርራ፣ ገበያው ደርቶ፣ ባጃጁ ሁሉ መንገድ ላይ ነው። እውነተኛው ቀን በፈረንጆቹ መስከረም 3 ቀን 1967 እሑድ ነው፤ በእኛ ነሐሴ 28 ቀን 1959 ዓ.ም። ሰዓቱም ከሌሊቱ 11። ስህተቱ የቁጥር ብቻ ቢሆን በታለፈ፤ የታሪኩን ምክንያት ግን ይዞት ይጠፋል። ሌሊት የተመረጠው መንገዱ ባዶ እንዲሆን ነው፤ የግድ ካልሆነባቸው በቀር መኪኖች ከእኩለ ሌሊት በኋላ እንዳይንቀሳቀሱ ተከልክለው ነበር። መንገድ ላይ የነበሩት ለ11 ሰዓት አሥር ደቂቃ ሲቀረው ቆሙ፣ ቀስ ብለው ወደ ቀኝ ተሻገሩ፣ 11 ሰዓት ሲሞላ ጉዟቸውን ቀጠሉ። ከዚያ 12 ዓመት ቀደም ብሎ በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ 83 በመቶው መራጭ «አይሆንም» ብሎ ነበር፤ ፓርላማው እ.ኤ.አ. በ1963 ወሰነና ሆነ። ይህን የመጨረሻውን ነገር ጥራዙ በደንብ ጽፎታል።

ስለዚህ ከገዙ በኋላ የመጀመሪያው ሥራ እርሳስ ይዞ ዓመቶቹን ማረም ነው። በጥራዙ ውስጥ «ዓ.ም» የሚለው ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው፤ እዚህም ከዚህ በታች «ዓ.ም» ያልተባለበት ዓመት እንዲሁ የፈረንጆቹ ነው። ከጃንዋሪ እስከ መስከረማችን መግቢያ ለሆነ ቀን 8 ይቀንሱ፤ ከዚያ እስከ ዲሴምበር መጨረሻ 7። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኦሎፍ ፓልመ በስቶክሆልም ስቬያቬገን ጎዳና ላይ፣ ከባለቤታቸው ጋር ከሲኒማ ወጥተው ያለ ጠባቂ ሲሄዱ የተገደሉት ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1986 ነው፤ በእኛ የካቲት 21 ቀን 1978 ዓ.ም። አባ የተባለው የሙዚቃ ቡድን በእንግሊዟ ብራይተን የዩሮቪዥን የዘፈን ውድድርን ያሸነፈው ኤፕሪል 6 ቀን 1974፣ መጋቢት 28 ቀን 1966 ዓ.ም፣ እዚህ አብዮቱ በፈነዳ ሰሞን። እንዲህ በራሳችን ዘመን ላይ ሲሰካ አይረሳም።

ሰዓት ላይ ሌላም ወጥመድ አለ። ጥራዙ «ሃልቭ ትሬ»ን «ሦስት ተኩል» ብሎታል። ሃልቭ ግማሽ ነው፣ ትሬ ሦስት ነው፤ ስዊድናዊው ግን ወደ ሦስት ግማሽ ቀረው ማለቱ ነው፤ ማለትም 2:30። በእኛ አቆጣጠር ስምንት ተኩል። «ፌም ኢ ሃልቭ ትሬ» 2:25 ነው፣ «ፌም ኦቨር ሃልቭ ትሬ» 2:35። ስዊድን ከእኛ በክረምታቸው 2 ሰዓት፣ በበጋቸው 1 ሰዓት ወደ ኋላ ናት፤ በጃንዋሪ «ሃልቭ ትሬ ደውዪ» የተባለች ሚስት ጎንደር ላይ ሆና ስልኩን የምታነሳው ለአሥራ አንድ ግማሽ ሲቀረው፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ነው። ጥራዙን አምና ከተከተለች በአንድ ሰዓት ትዘገያለች።

ከሁሉ የሚያስደስተው ምዕራፍ «ዱ» እና «ኒ» ላይ ያለው ነው። አማርኛ ተናጋሪ ከማንም በላይ የሚገባው ርዕስ ነው፤ ግን ፍቺው ያሳስታል። ጥራዙ ዱን «አንተ/አንቺ»፣ ኒን «አንቱ» ብሎ አለፈ። ዱ ትክክል ነው። ኒ ግን አንቱ አይደለም። እስከ 1960ዎቹ ድረስ ስዊድናዊ የሚያከብረውን ሰው ኒ አይለውም ነበር፤ በማዕረጉ በሦስተኛ መደብ ነበር የሚያናግረው፤ «ዶክተሩ ቡና ይፈልጋሉ?» እያለ፣ ፊት ለፊቱ ለተቀመጠው ለዶክተሩ ለራሱ። የማዕረጉ ስም የማይታወቅ ከሆነ ሰዎች ዓረፍተ ነገሩን አጠማዘው ተጠሪ እንዳይኖረው ያደርጉ ነበር። ኒ የሚባለው ማዕረግ የሌለው ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ መልሶ ኒ ማለት አይችልም። ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚወርድ ቃል ስለነበር ብዙ ሽማግሌዎች ዛሬም ሱቅ ውስጥ ወጣት ሻጭ ኒ ሲላቸው ይከፋቸዋል። ከጎንደር አክብሮቱን ይዞ የሄደ ልጅ «አንቱ» ለማለት አስቦ ኒ ቢል፣ ላከብር ብሎ ያስቀይማል። የተለየ መጠሪያ የቀረላቸው ንጉሡና ቤተሰባቸው ናቸው፤ የቀረው ሰው፣ ሐኪምም አለቃም የልጅዎ አስተማሪም፣ ዱ ነው።

ለውጡ ከስም ጋር ከተያያዘ ብሮር ሬክሴድ ይነሳል። በ1967 የአገሪቱ የሕክምና መሥሪያ ቤት ዋና ዳይሬክተር ሲሆን ሠራተኛውን ሁሉ ዱ እንደሚል ተናገረ። ነገሩ ከእሱ በፊትም ተጀምሮ ነበር፤ ግን አለቃ ሲለው ጊዜ ተለቀቀ። የጎንደር የሕክምና ተማሪ ይህን ስም ከአናቶሚ ያውቀዋል፤ የኅብለ ሰረሰር ግራጫ ክፍል በአሥር ንብርብር ተከፍሎ የሚጠራው በእሱ ስም ነው። ሰውየው አንድ ነው። ጥራዙ ይህን አላነሳም፤ ቢያነሳው ግማሹ ገዢ ይነቃ ነበር።

«ፎልክሄመት» የሚለው ቃል ላይ ደግሞ የተቸገረው አማርኛችን ነው። ጥራዙ «የሕዝብ ቤት» ብሎ ተረጎመው። አንባቢው የቀበሌ ቤት ይመስለዋል! ስዊድንኛ «ሁስ» እና «ሄም» የሚባሉ ሁለት ቃላት አሉት። ሁስ ግድግዳና ጣሪያው ነው፤ ሄም ሰው ደክሞት የሚገባበት፣ እናት አባት ወንድም እህት ያለበት ነው። እኛ ሁለቱንም ቤት እንላለን። ፔር አልቢን ሃንሶን በ1928 በፓርላማ ቃሉን ሲጠቀም አገሪቱ እንደ ጥሩ ቤተሰብ ትሁን ማለቱ ነበር፤ የእንጀራ ልጅ የሌለባት፣ ማንም ከማንም የማይበልጥባት። ኋላ በ1932 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ። ግራ መጋባቱን የሚያብሰው ከ1965 እስከ 1974 መንግሥት አንድ ሚሊዮን መኖሪያ ለማሠራት የያዘው ዕቅድ እዚያው ገጽ ላይ መምጣቱ ነው። ያ እውነተኛ ቤት ነው፤ ሁስ። ሁለቱን በቀለም ለይቶ ማስመር ይጠቅማል።

የቀረውን በፍጥነት እንለፍ። የሴቶች ምርጫ 1919 ተብሏል፤ ያ የመጀመሪያው ውሳኔ ነው፤ ሴቶች ለፓርላማ ድምፅ የሰጡት በ1921 ነው፤ የሕገ መንግሥት ለውጥ በመሐል ምርጫ ተደርጎ ሁለቴ መጽደቅ ስላለበት። ስዊድን ከየትኛውም የጦር ቃል ኪዳን ውጭ ናት የሚለው አርጅቷል፤ ማርች 7 ቀን 2024 ኔቶ ገብታለች። «ላጎም» የሚለው ቃል ቫይኪንጎች፣ የጥንት የሰሜን አውሮፓ ባሕረኞች፣ የቀንድ ዋንጫ ሲያዞሩ ከሚሉት ሐረግ መጣ የሚለው ተረት ነው፤ ሕግ ወይም ልማድ ከሚል የድሮ ቃል የወጣ ነው፤ በልኩ፣ እንደ ወጉ ማለት። «ፊካ»ን ከቡና ማፍላት ጋር ማመሳሰሉ ውሸት ባይሆንም አቦል፣ ቶና፣ በረካ የሚጠብቅ ሰው ይደነግጣል፤ ሥራ ቦታ ላይ ሩብ ሰዓት ነው፣ ከጣፋጭ ዳቦ ጋር። ቃሉ «ካፊ» (ቡና) ተገልብጦ ነው። «ሴምላ»ን የገለጸበት ግን አንጀት ያርሳል፤ ከዐቢይ ጾማቸው በፊት ባለው ማክሰኞ የሚበላ በክሬም የተሞላ ዳቦ ነው፣ በቅበላችን ቦታ ያለ። አንድ መስመር ብቻ ያገኘውና ገጽ ሊሰጠው ይገባ የነበረው ልጅን መምታት ነው። በ1979 ስዊድን ከዓለም ቀድማ ከለከለች፤ ቁንጥጫም ጥፊም፣ ቤት ውስጥም። አስተማሪ ከጠረጠረ ለማኅበራዊ አገልግሎት የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ልጅ ይዞ ለሚሄድ ሰው ከቫይኪንግ ሁሉ ይህ ይቀድማል።

የኅትመቱ ነገር ከባድ ነው። ፎቶ ኮፒው ሲደጋገም በፊደል ራስ ላይ ያለው ትንሽ ክብና ሁለቱ ነጥብ ይጠፋሉ። ክቡ ያለበት «ፎር» በግ ነው፤ ክቡ ሲጠፋ «ፋር» ይሆናል፤ አባት። በገጽ 63 ገበሬው አባቱን ወደ ሜዳ ሲያሰማራ ይታያል። ድምፁም የኮምፒውተር ንባብ ነው፤ የቃሉን ዜማ አያወጣም። «አንደን» በአንድ ዜማ ዳክዬዋ፣ በሌላው መንፈሱ ነው፤ ከዚህ ድምፅ መለየት አይቻልም። የሚያጽናናው፣ ማጥበቅና ማላላት ላይ አማርኛ ተናጋሪ ቀድሞ መገኘቱ ነው። «አለ»ን አላልቶ «ተናገረ»፣ አጥብቆ «ይገኛል» የሚል ጆሮ «ታክ» ሲላላ ጣሪያ፣ ሲጠብቅ ምስጋና መሆኑን ቶሎ ይይዛል።

አጠቃቀሙ እንዲህ ቢሆን ይመረጣል። የቀኙን ገጽ በወረቀት ሸፍኖ አንድ አንቀጽ ማንበብ። ያልታወቀውን ቃል ሌክሲን በተባለው ነፃ የኢንተርኔት መዝገበ ቃላት መፈለግ፤ የስዊድንኛ-አማርኛ ክፍል አለው፣ የቃሉን ርባታም ያሳያል፤ የጠፋውን ክብና ነጥብም ከዚያ አይቶ በእስክሪብቶ መመለስ ነው። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል የአንድ ምዕራፍ ቃላትን ቀድሞ ደብተር ላይ መገልበጥ አይከፋም። ለድምፁ ኮምፒውተሩን ትቶ የስዊድን ራዲዮን በቀላል ስዊድንኛ የሚቀርብ አጭር ዜና መስማት፤ ለንባብ ደግሞ «ኦታ ሲዱር» የተባለውን ቀላል ጋዜጣ በስልክ መክፈት፤ ጽሑፍ ስለሆነ ብዙ ዳታ አይበላም።

ሲገዙ ገጽ 63ን ገልጠው ይዩ። በጉ ራሱ ላይ ክቡ ካለ ቅጂው ከዋናው የተባዛ ነው፤ ይውሰዱት። ክቡ ከሌለ ከኮምፒውተር ላይ በቀጥታ ፕሪንት እንዲያደርጉልዎ ይጠይቁ፤ ጥቂት ብር ቢጨምሩበትም ይሻላል።