ለአትክልተኛችን ምስጋና፤ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ላላችሁ ደግሞ ጥቆማ

ይህን የምጽፈው ጓሮዬ ቁጭ ብዬ ነው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው፣ ገና አልጨለመም። እማዬ ቶናውን እየቀዳች ነው። ፍልሰታ ስለሆነ ከቡናው ጋር ያለው ቆሎ ብቻ ነው፣ ግን ምንም አልጎደለንም።

አምና በዚህ ሰሞን እዚህ ቦታ የነበረው የደረቀ ሳርና ቢምቢ ነው። አንድ ድርጅት ብዙ ገንዘብ ተቀብሎኝ ጽጌረዳ ተክሎልኝ ነበር። ነሐሴ ሳይጋመስ ሁሉም ሞተ። ውሃ አንሶት መስሎኝ ጠዋት ማታ ሳጠጣ ከረምኩ። የተረፈውን ቅጠላ ቅጠል አጋዘን ጨረሰው።

ዘንድሮ መጋቢት ላይ የቤተ ክርስቲያን ጓደኛዬ የእኚህን ሰው ስልክ ሰጠችኝ። ጋሼ ነው የምላቸው። መጥተው ጓሮውን ዞር ዞር ብለው አዩና የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ልጄ፣ ስንት ሰዓት ላይ ነው ውጪ የምትቀመጡት?» የሚል ነበር። ስለ ቀለም ወይም ስለ ገንዘብ ይጠይቁኛል ብዬ ነበር የጠበቅኩት። ቀን ሥራ ነኝ፣ ማታ ብቻ ነው የምቀመጠው አልኳቸው። «ታዲያ ቀን የሚፈካ አበባ ለማን ይተከላል?» አሉኝ።

ከዚያ አንድ ክንድ የሚያህል ጉድጓድ ቆፍረው ውሃ ሞሉበት። «ነገ ጠዋት እዪውና ደውዪልኝ» ብለው ሄዱ። ጠዋት ሳየው ውሃው እንዳለ ተኝቷል። ስደውል «ጽጌረዳዎችሽ የሞቱት ጠምቷቸው አይደለም፣ ሰጥመው ነው» አሉኝ። የእኛ አካባቢ አፈር ሸክላ ነው፣ ውሃ ቶሎ አያሳልፍም። ስለዚህ ኮምፖስት ቀላቅለው ከፍ ያለ መደብ ሠሩልኝ። መደቡን ከመጀመራቸው በፊት ከቁፋሮ በፊት ወደሚደወልበት ቁጥር፣ ወደ 811፣ አስደውለውኝ የጋዝና የመብራት መስመሩ ምልክት ተደርጎበታል። የቀድሞዎቹ ይህንን እንኳን አላደረጉም።

ነጭ ሃይድሬንጃና ነጭ ፍሎክስ ተከሉ፤ ነጭ አበባ ሲመሽ ጎልቶ ይታያል። መሃል ላይ ብላክ አይድ ሱዛን አለች፣ እ.ኤ.አ. ከ1918 ጀምሮ የሜሪላንድ መለያ አበባ የሆነችው። እማዬ መጀመሪያ ስታያት «ምነው፣ አደይ በሐምሌ?» ብላ ደነገጠች።

የእኔ ልብ ያለው ግን አጥሩ ላይ ነው። ግንቦት ላይ ብርዱ ሲያልፍ ጋሼ ሙንፍላወር የሚባለውን ማታ የሚፈካ ሐረግ ዘር ሌሊቱን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈው ዘሩልኝ። አሁን አጥሩን ሸፍኖታል። እምቡጡ እንደታጠፈ ጃንጥላ ተጠማዞ ይቆይና ሲመሽ ጫፉ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ ዓይንሽ እያየ ይፈታል። መዳፌን የሚያህል ነጭ አበባ! ሽታው ወንበራችን ድረስ ይመጣል። ጠዋት ይጠወልጋል፣ ማታ ሌላው ይተካል። የእህቴ ልጆች ስለሚመጡ፣ ፍሬውን አፋቸው እንዳይከቱት ቶሎ ቶሎ እንድለቅም አስጠንቅቀውኛል።

ለቡናው ጤና አዳም ከወንበሬ አጠገብ ተከሉልኝ። አጋዘኖቹ እስካሁን ዝር አላሉበትም። «ፀሐይ ላይ በባዶ እጅሽ አትቁረጪው፣ ቆዳ ያቃጥላል» ያሉኝም እሳቸው ናቸው። ለቢምቢው መድኃኒት አልረጩም። ከማሰሮዎቹ ሥር የተጠራቀመውን ውሃ ደፉ፣ የተዘጋውን አሸንዳ ከፈቱ፣ ቡና ስንጠጣ ቬንቲሌተር እንድናበራ ነገሩን። ቢምቢ ነፋስ ላይ መብረር ያቅታታል። ያንን የሚያፈጥ መብራትም አውርደው ዝቅ ባለ ቢጫ መብራት ተኩልኝ። ይኸው አሁን ሣሩ ላይ እነዚያ ብልጭ ድርግም የሚሉ ጢንዚዛዎች ይታዩናል፣ እማዬ አይታ አትጠግባቸውም።

ዋጋውን ሥራ ሳይጀምሩ በወረቀት ጽፈው ሰጡኝ፤ ሲያልቅም ያው ነበር። በሐምሌ ሙቀት ሁለት ጊዜ ሳልጠራቸው መጥተው አይተውልኛል፣ ምንም አላስከፈሉኝም። ልታሠሩ ካሰባችሁ ግን ሚያዝያን አትጠብቁ፣ ያኔ ጊዜ የላቸውም። ሣር ማጨድ አይሠሩም፤ እሁድም ስልክ አያነሱም።

ስልካቸውን በአደባባይ አልለጥፍም፤ የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ጠይቄያቸው እሰጣችኋለሁ። ጋሼ፣ ይህንን ካነበቡት እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እማዬ ቅዳሜ ማታ ቡና ይምጡልኝ ብላለች። ዛሬ አጥሩ ላይ ሰባት ፈክቷል።