የክትባት ደብተር አይታችሁ ውሻ አትግዙ

ወደ ሰንዳፋ በሚወስደው መንገድ ዳር ውሻ ልትገዙ ያሰባችሁ፣ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። እኔ ለገጣፎ አዲስ ግቢ ስለገባሁ ጠባቂ ብዬ የ6 ወር ጀርመን ሼፐርድ በ18 ሺህ ብር ገዛሁ። ሻጩ ማኅተም ያረፈበት የክትባት ደብተር ሰጠኝ። ውሻው ታጥቦ ጸጉሩ ያብረቀርቃል፤ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። ንጽሕና መስሎኝ ደስ አለኝ። ለካስ ጠዋት የከብት መዥገር መድኃኒት ረጭተውበት ነው! መዥገሩ ረግፏል፤ የተከለበት በሽታ ግን ደሙ ውስጥ ቀርቷል።

በአሥረኛው ቀን ምግቡን አሽትቶ ተወው። በማግስቱ ሲሚንቶው ላይ የሸናው ጥቁር ቡና ይመስል ነበር። ከንፈሩን ገልጬ ሳይ ድዱ እንደ ወረቀት ነጥቷል። ለሻጩ ብደውል «የሆድ ትል ነው» ብሎ ሐኪም ነው ያለውን ሰው ላከልኝ። ሰውየው የትል ክኒን አውጦት፣ ቫይታሚን ወግቶት፣ 1,500 ብር ተቀብሎኝ ሄደ። በዚህ ሁለት ቀን ባከነ፤ ከ18 ሺሁ ይልቅ የሚቆጨኝ እሱ ነው።

በኋላ የወሰድኩት የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ነው። ከጆሮው ጫፍ ጠብታ ደም ወስዳ፣ መስታወት ላይ ቀብታ በማይክሮስኮፕ አየችው፤ ባቤዥያ። ቀይ የደም ሴል ውስጥ ገብቶ እየተራባ ሴሉን የሚያፈነዳ ጥገኛ ነው። ሽንቱን ያጠቆረውም የፈራረሰው ደም ነበር። የትል ክኒን ይህን አይነካውም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትም አይከላከለውም። ኢሚዶካርብ የሚባል መርፌ ተወጋ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተደገመለት። መዥገር ኧርሊኪያ የሚባል፣ አፍንጫ እስከማድማት የሚደርስ ባክቴሪያም ስለሚያስተላልፍ ለ28 ቀናት ዶክሲሳይክሊን ታዘዘለት። አሁን ተነሥቷል፤ ግን ጥገኛው ተደብቆ ቆይቶ ሰውነቱ ሲዳከም ሊያገረሽበት ይችላል።

ከመክፈላችሁ በፊት ከንፈሩን ግለጡ። ጤነኛ ድድ በጣት ተጭናችሁ ስትለቁት በ2 ሴኮንድ ውስጥ ወደ ሮዝ ቀለሙ ይመለሳል። ጆሮው ውስጥና በጣቶቹ መካከል መዥገር ፈልጉ። የደም ምርመራው ውጤት እስኪመጣ ከቀብድ በላይ አትስጡ፤ ሻጩ እምቢ ካለ ውሻውን ተዉለት።

ባለፈው ቅዳሜ በዚያው መንገድ አለፍኩ። ሦስት ቡችሎች ታጥበው ካርቶን ውስጥ ተቀምጠዋል። አንዱን ደብተር ከፍቼ አየሁት፤ ክትባቱ ተሰጠ የተባለበት ቀን፣ የእኔ ውሻ ደብተር ላይ ያለው ያው ቀን ነው።