አዲስ፣ የታደሰ ወይስ የተነቀለ? የሰርቮ ድራይቭ ካርድ ለኮምቦልቻ ማሽኖች

ኮምቦልቻ ላይ የሰርቮ ድራይቭ (የማሽኑን ሞተር ፍጥነትና ቦታ የሚቆጣጠረው መሣሪያ) ካርድ ሲቃጠል ምትኩ ሰፈር ሱቅ አይገኝም። ወይ ከአዲስ አበባ በአውቶብስ ይላካል፣ ወይ ከውጭ ታዝዞ ይጠበቃል። የተሳሳተ ካርድ ከመጣ ደግሞ ማሽኑ ለሁለተኛ ጊዜ ይቆማል። የሚቀርቡልን አራት ዓይነት ናቸው፦ አዲስ ኦሪጅናል፣ ተጠግኖ የተፈተሸ (የታደሰ)፣ ከተጣለ ማሽን የተነቀለ እና «ያው ነው» እየተባለ የሚሸጥ ቅጂ። ፋብሪካው ማምረቱን ላቆመው ድራይቭ ምርጫችን የታደሰው ነው፣ ግን እንዲሁ በጭፍን አይደለም።

ትልቁ ስህተት የሚሠራው ቁጥር ላይ ነው። በፋኑክ ምርቶች ኤ06ቢ ብሎ የሚጀምረው የሙሉው አምፕሊፋየር (የድራይቩ) ቁጥር ነው። ውስጡ ያለው ካርድ በኤ20ቢ ወይም በኤ16ቢ የሚጀምር የራሱ ቁጥር አለው። የሽፋኑን ቁጥር ብቻ ልኮ ካርድ ያዘዘ ሰው ምን እንደሚደርሰው አያውቅም። በሲመንስ ሲሞድራይቭ 611 ደግሞ 6ኤስኤን1123 የኃይል ሞጁሉ ሲሆን 6ኤስኤን1118 ከፊት የሚሰካው የኮንትሮል ካርድ ነው። ከሰረዙ በኋላ ያሉት ፊደሎች ጌጥ አይደሉም፤ ካርዱ ለሪዞልቨር ነው ወይስ ለኤንኮደር (ሁለቱም የሞተሩን ቦታ የሚያነቡ ሴንሰሮች ናቸው)፣ ለአንድ አክሲስ (የማሽኑ እንቅስቃሴ አቅጣጫ) ነው ወይስ ለሁለት የሚለዩት እነሱ ናቸው። የማይሆነው ካርድም እኮ በልኩ ይገባል፣ መብራቱም ይበራል፤ ከዚያ ማሽኑ በፊድባክ (ከሴንሰሩ የሚመጣው ምልክት) አላርም ይቆማል። የ611 ዩኒቨርሳል አንድ ውለታ አለው፦ ፓራሜትሩ (የድራይቩ ቅንብር) ያለው ተነቃይ ሜሞሪ ሞጁል ላይ ስለሆነ ከአሮጌው ነቅሎ አዲሱ ላይ መሰካት ይቻላል።

ከማዘዝ በፊት ግን ካርዱ ለምን እንደሞተ ይታወቅ። አይጂቢቲው (ለሞተሩ ኃይል የሚያበራና የሚያጠፋው ትራንዚስተር) ሾርት ሆኖ ከሆነ የዲሲው ቮልቴጅ ወደ ጌት ድራይቨሩ (አይጂቢቲውን ወደሚያዘው ክፍል) ይሻገራል፣ አዲሱ ካርድም መብራት በገባበት ቅጽበት ይቃጠላል። ፍተሻው ሩብ ሰዓት መጠበቅን ካልቆጠርን አጭር ነው። ኃይሉ ይጥፋ፣ 15 ደቂቃ ይቆይ፣ ከዚያ የዲሲ ባሱ (በድራይቩ ውስጥ ያለው የዲሲ ኃይል መስመር) ቮልቴጅ መውረዱ በሜትር ይረጋገጥ፤ 380 ቮልት በሚገባበት ድራይቭ እዚያ ላይ 540 ቮልት ገደማ አለ። የሞተሩ ገመድ ይነቀል። ሜትሩ ዳዮድ ላይ ሆኖ ቀዩ ጫፍ ኔጋቲቩን፣ ጥቁሩ በየተራ የሞተሩ መውጫ የሆኑትን ዩን፣ ቪን፣ ደብሊውን ይንካ። ቀጥሎ ጥቁሩ ፖዘቲቩ ላይ ይሁንና ቀዩ ሦስቱን ይንካ። ስድስቱም ንባብ ከ0.3 እስከ 0.5 ቮልት አካባቢ፣ እርስ በርስም የተቀራረበ መሆን አለበት። ወደ ዜሮ የተጠጋ ካለ ካርድ ብቻ መግዛት ገንዘብ ማቃጠል ነው። ሞተሩ በ500 ቮልት ሜገር (የኢንሱሌሽን መለኪያ) ይለካ፣ ከ1 ሜጋ ኦም በታች ካነበበ ተጠርጣሪው እሱ ነው። ሜገር ሲደረግ ገመዱ ድራይቩ ላይ ከቀረ ግን ጤነኛውን ድራይቭ የገደለው ለካፊው ነው።

ጨርቃ ጨርቅ ውስጥ ደግሞ የጥጥ ብናኝ አለ። የሂትሲንኩን (ሙቀት የሚያስወጣውን ብረት) ክንፎች እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍናል፣ ባለ 24 ቮልቷን ፋን ያስራል፣ በሙቀቱም ካፓሲተሮቹ ይደርቃሉ። መብራት በተከታታይ ሲሄድ ሲመጣ የመነሻ ቻርጅ ሬዚስተሩ (ካፓሲተሮቹ ሲሞሉ ኃይሉን የሚገታው) ሳይበርድ ደጋግሞ ይጫንና በመጨረሻ ይበጠሳል። ስለዚህ የቆመው ድራይቭ ሁሉ ካርድ ይፈልጋል ማለት አይደለም።

የታደሰ ሲገዛ ሻጩ ሦስት ነገር ይጠየቅ፦ ሞተር ላይ ተጭኖ ነው ወይ የተፈተነው፣ ካፓሲተሮቹና ፋኑ ተቀይረዋል ወይ፣ ዋስትናው በጽሑፍ ነው ወይ። «መብራቱ ይበራል» ፈተና አይደለም። ካርዱ ሲደርስ በካፓሲተሮቹ እግር ሥር ቡናማ እድፍ ካለ ወይም የዓሣ ዓይነት ሽታ ካለው ፈሳሹ ወጥቷል፣ ይመለስ። የተነቀለ ካርድ ለአጣዳፊ ማለፊያ ብቻ ይያዝ። አዲስ ኦሪጅናልም ቢሆን ከሁለት ዓመት በላይ መጋዘን የከረመ ሙሉ ድራይቭ ከሆነ የዲሲ ባሱ ካፓሲተሮች ቮልቴጁ ቀስ በቀስ እየጨመረ ሳይሞሉ በቀጥታ ኃይል አይለቀቅበት። ቅጂ የኮንትሮል ካርድ በርካሽም አንመክርም፤ ሶፍትዌሩ ከማሽኑ ጋር አለመግባባቱ የሚታወቀው ከተከፈለ በኋላ ነው።

ካርዱ ጠፍቶ ሙሉ ድራይቭ በሌላ ብራንድ የሚቀየር ከሆነ ከፍታውን አይርሱ። ድራይቮች አቅማቸው የሚጻፈው በአብዛኛው ለ1,000 ሜትር ነው፣ ከዚያ በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ስለሆነች 8 በመቶ ገደማ ይጎድላል፤ ደሴ ከዚያም ትከፋለች።

በመጨረሻ፣ አሮጌውን ከመንቀል በፊት ፓራሜትሮቹ ይመዝገቡ፣ ኮኔክተሮቹም ፎቶ ይነሱ። ኃይል ቢጠፋም ቦታውን እንዲይዝ በተደረገ (አብሶሉት) ሚትሱቢሺ ኤምአር-ጄ2ኤስ ድራይቭ ላይ የኤንኮደሩ ገመድ ተነቅሎ ከቆየ ቦታው ሊጠፋና አላርም 25 ሊመጣ ይችላል። ያኔ ካርዱ ተበላሽቶ የመጣ ይመስላል፣ የሚፈልገው ግን ሆም (የማሽኑን መነሻ ቦታ) በድጋሚ መያዝን ብቻ ነው።